ዳይሬክተራችን ጄኔቫ አልነበሩም

ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ እንደ ድሮዬ አይደለሁም። ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው። በዚህ ዕድሜ ሰው የሚደነግጠው ሐኪም «ውጤትሽ መጥቷል፣ ነይ» ብሎ ሲያስጠራው ወይም ከሀገር ቤት ያለ ሰዓቱ ስልክ ሲደወልለት ይመስለኝ ነበር። እኔ ግን የደነገጥኩት እዚህ ሜልበርን ዳር፣ ታርኔት ውስጥ፣ ለጸሎት የሄድኩበት ሰው ቤት በር ላይ፣ አንዱን ጫማዬን አውልቄ ሌላውን ሳላወልቅ ነው።

የቤት ኅብረታችን ተራ የማርታ ነበር። ማርታ የቤተ ክርስቲያናችን ልጅ ናት፤ ታርኔት አዲስ ቤት ገዝታ ከገባች ዓመት አልሞላትም። ልጄ ሩት ከሴንት አልባንስ በመኪናዋ ስትወስደኝ መንገዱን ሙሉ ስታማርር ነበር። አንዱ ቤት ከሌላው አይለይም፣ አንዱ አደባባይ ከሌላው አይለይም፤ ሁለቴ ተሳስተን ሁለቴ ተመለስን። ስንደርስ ሰው ተሰብስቦ መዝሙር ተጀምሯል። በሩን ስከፍት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታ ነው፤ ዴቶልና በጋለ ካውያ የተተኮሰ ነጭ ጨርቅ። ነርስ ሆኜ ዋርድ ውስጥ አርባ ዓመት ያህል ኖሬያለሁ፤ የዛሬ ሆስፒታል ግን እንዲህ አይሸትም፣ የሎሚ ከረሜላ ነው የሚሸተው። ይሄ የድሮው ነው። ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ማሰሪያ እየፈታሁ ማርታን ስለ ሽታው ልጠይቃት ቀና ስል፣ መስኮቱ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ተቀምጠው አየሁ። ፀጉራቸው አጭር ነው፣ ጥጥ የመሰለ። ነጭ ሸሚዛቸው እስከ አንገታቸው ተቆልፏል። ደረታቸው ላይ ትንሽ ሰዓት ተገልብጦ ተሰክቷል፤ የለበሰው ሰው ወደ ታች ሲያይ ብቻ እንዲያነበው ሆኖ።

ዓይናቸውን ከእኔ ላይ ሳይነቅሉ «ዓለሚቱ ኤርሲዶ» አሉ።

ስሜን ከነአባቴ። እኔም አንድ እግሬ በካልሲ እንደሆነ፣ እጆቼን ወደ ኋላ አጣምሬ ቀጥ ብዬ ቆምኩና «አቤት፣ ሲስተር!» አልኩ። መዝሙሩ ቆመ። ሩት «ማም፣ አር ዩ ኦኬ?» አለችኝ። ኦኬ አልነበርኩም። እዚያው ጫማ የሚደረደርበት ላይ ቁጭ አልኩ።

ሲስተር አየለች ነበሩ። የነርሲንግ ትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር። ጄኔቫ ናቸው እያልኩ ዕድሜዬን ሙሉ ያወራሁላቸው ሴት።

ከሆሳዕና አዲስ አበባ ስመጣ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። አፌን የፈታሁት በሃዲይኛ ነው፤ አማርኛን የተማርኩት ከጥቁር ሰሌዳ ላይ ስለሆነ ሰው ሲያናግረኝ መልሱን በልቤ ጽፌ ነበር የማነበው። ሻይ በዳቦ ሃያ አምስት ሳንቲም፣ አውቶቡስ አሥራ አምስት ሳንቲም። በወር አንዴ የኪስ ገንዘብ ስናገኝ አራት ሆነን ፒያሳ እንወጣና አንድ ኬክ ለሁለት እንካፈላለን፤ ከዚያ የዘፈን ሸክላ የሚሸጥበት ሱቅ ጥግ ላይ ቆመን፣ ሰው የምንጠብቅ መስለን፣ ድምፅ ማጉያው የሚለቀውን ዘፈን እስኪያልቅ እንሰማለን። እኔ በልጅነቴ ከቤታችን ይዤው በመጣሁት እምነት ዘፈን አይፈቀድልኝም ነበር። ግን ጥጉ ላይ መቆም ኃጢአት ነው ያለኝ ሰው አልነበረም። ወንዶቹ ቤል ቦቶም ለብሰው መንገዱን በሱሪያቸው ይጠርጉታል። እኛ ፀጉራችንን አፍሮ አበጥረን ሰኞ ጠዋት ቆቡ አልገባ ሲለን እናለቅሳለን። የዩኒፎርማችን ቀሚስ ሰማያዊ፣ ሽርጡ ነጭ፣ ቆቡ በስታርች ደርቆ እንደ ወረቀት ጀልባ የቆመ ነበር። ነጭ የጫማ ቀለም ሲያልቅብን ከክፍል ጠመኔ ሰርቀን በውሃ በጥብጠን እንቀባለን፤ ዝናብ ሲመታን ኮሪደሩ ላይ ነጭ ዱካ ይቀራል። ሲስተር አየለች ያንን ዱካ ተከትለው መኝታ ክፍላችን ድረስ መጥተው ያውቃሉ።

ከእሳቸው በፊት ትምህርት ቤቱን የሚመሩት የውጭ ሀገር ሰዎች ነበሩ። ሲስተር አየለች እዚያው ተምረው፣ እዚያው አስተምረው፣ ውጭ ሀገር ደርሰው ተመልሰው፣ በዚያ ወንበር ላይ የተቀመጡ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ናቸው። ያኔ አርባ ዓመት እንኳ አልሞላቸውም፤ ለእኛ ግን እንደ ተራራ ዕድሜ የሌላቸው ነበሩ። ተማሪው በዋርድ ጉልበት ሥራ እየደከመ ክፍል ውስጥ ሲያንቀላፋ አይተው ከሆስፒታሉ አስተዳደር ጋር ተጣልተው «ተማሪ ነው የሰጠኋችሁ፣ ሠራተኛ አይደለም» ብለው የትምህርቱን ሰዓት አስከበሩ። የእንግሊዝኛው መጽሐፍ ለከበደን ልጆች ስለ ቁስል አጠባበቅና ስለ ሕፃናት ምግብ በአማርኛ ጽፈው በስቴንስል አባዝተው አደሉን። ቀለሙ እጃችን ላይ ሳምንት ይቆያል። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ቃል አይታገሡም ነበር። አንዷ ተማሪ «አልጋ ስድስት ውሃ ይፈልጋል» ካለች፣ «አልጋ ውሃ አይጠጣም፤ የሰውዬው ስም ማነው?» ይሏታል። ስሙን ካላወቀች ሄዳ ጠይቃ ትመለሳለች።

አንድ ቀን ዋርድ ውስጥ ዕቃ የያዘ ትሪ ከእጄ አመለጠኝ። ዶክተሩ ሰው ሁሉ እየሰማ «ይህችን ባላገር ማን ነው እዚህ ያስገባት?» ብሎ ጮኸብኝና መቀሱን ወርውሮ ግድግዳውን መታው። ሲስተር አየለች ከየት እንደመጡ አላውቅም። አልጮኹም። «ተማሪዎቼ፣ ሥራችሁን ለተረኞቹ ነርሶች አስረክባችሁ ውጡ» አሉ። አርባ ሁለት ልጆች በሰልፍ ወጣን። ክፍል አስገብተውን ስለ ኩላሊት ማስተማር ጀመሩ፤ ምንም እንዳልተፈጠረ። ለሁለት ቀን ወደዚያ ዋርድ የገባ ተማሪ አልነበረም። በሦስተኛው ቀን ዶክተሩ ክፍላችን በር ላይ መጥቶ፣ ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቶ፣ ስሜን ጠይቆ፣ «ዓለሚቱ፣ ይቅርታ» አለኝ። እኔን፣ ከሆሳዕና የመጣሁትን። ያን ቀን እንደ አዲስ ተወለድኩ ብል አላጋነንኩም።

ከተመረቅን ከጥቂት ወራት በኋላ ሲስተር አየለች ከቢሯቸው እንደሌሉ ሰማን። ዘመኑ ሰው ድንገት የሚጠፋበት፣ ጠያቂም የማይገኝበት ነበር። እኔ ያኔ ጎጃም ውስጥ አንድ ክሊኒክ ተመድቤ ነበር። ከዚያ ወሬ መጣ፤ ውጭ ሄደዋል፣ ጄኔቫ ትልቅ መሥሪያ ቤት ተሾመዋል። ማን እንደጀመረው አላውቅም። ለማመን ግን አልቸገረንም። እሳቸው ወደ ላይ እንጂ ወደየት ሊሄዱ? ሜልበርን መጥቼ፣ ሁለት ዓመት ልጅ አሳድጌ፣ እንደገና ተምሬ ነርስ ከሆንኩ በኋላም ለአውስትራሊያውያን ባልደረቦቼ ሻይ ሰዓት ላይ የማወራው ይህንኑ ነበር፤ «የኔ ዳይሬክተር ጄኔቫ ናት፤ የዓለም ነርሶችን ሕግ የምታወጣው እሷ ናት።» ሕግ የሚለውን የጨመርኩት እኔ ነኝ።

እና ታርኔት ተቀምጠው አገኘኋቸው። ማርታ አክስቷ እንደሆኑ ነገረችን። ለብዙ ዓመት ከተማው ማዶ ዳንዲኖንግ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር፤ በቅርቡ ወድቀው ዳሌአቸውን ስለተጎዱ እሷ ጋ አመጣቻቸው። «ነርስ ነበርኩ ትላለች» አለችኝ ማርታ፣ እንደዋዛ። ነርስ ነበርኩ! ያን ቀን ጸሎቱንም ስብከቱንም አልሰማሁም።

ማክሰኞ ተመልሼ ሄድኩ። ማርታ ሥራ ላይ ነበረች፣ ሁለታችን ብቻ ነን። ሻይ አፈላሁላቸው። ነገሩን ከሩቁ ጀመርኩት።

«ሲስተር፣ እኛ እኮ ጄኔቫ ነዎት ነበር የምንለው።»

«ጄኔቫ ምን ልሠራ?»

«ትልቅ ቦታ ተሾሙ ተባለ።»

«እኔ እኮ ያኔ ታስሬ ነበር» አሉ፣ ብስኩታቸውን ሻይ ውስጥ እየነከሩ። «ስምንት ወር።»

ብስኩቱ እስኪርስ ጠብቀው በሉት።

«ለምን?» አልኩ።

«ዝርዝር አምጪ ተባልኩ። ያ አንሶላ የሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ተደብቀው የሚጸልዩትን ልጆች ዝርዝር።»

እኛን ነው። አሥራ አንድ ነበርን። በዚያ ዘመን እንደኛ የሚጸልይ ሰው ተደብቆ ነበር የሚጸልየው። በአንሶላው ክምር መሀል ተንበርክከን፣ ድምፃችን እንዳይወጣ ፎጣ ነክሰን። ማንም አያውቅም ብለን እንምል ነበር።

«ክፍሉን ያውቁ ነበር?»

«ዓለሚቱ፣ ዳይሬክተር እኮ ነበርኩ። አንድ የትራስ ጨርቅ ሲጎድል የማውቅ ሴት፣ አሥራ አንድ ልጅ ተሰብስቦ ሲያለቅስ የማልሰማ ይመስልሻል? እኔ እንኳ ማርያሜን የምል ሰው ነኝ፤ የእናንተን ነገር ብዙም አይገባኝም ነበር። ግን ተማሪዎቼ ናችሁ። ላጣራ፣ ሁለት ሳምንት ስጡኝ አልኳቸው። በሁለቱ ሳምንት አስመረቅኳችሁና በየሩቁ ክፍለ ሀገር በታተንኳችሁ። ሲመጡ የምሰጣቸው ልጅ አልነበረኝም።»

ስለዚያ ምረቃ ሳማርር ነው የኖርኩት። ፎቶ ቤት ሳንሄድ፣ ኬክ ሳይቆረስ፣ አባቴ ከሆሳዕና ሳይደርስ፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት ተሰልፈን ወረቀታችንን ተቀብለን ተበተንን። ለሩት እንኳ «እናንተ ኮፍያ ወርውራችሁ ስትመረቁ እኛ እንደ ርዳታ ስንዴ ታድለን ነው የሄድነው» እያልኩ ስንቴ ነግሬያታለሁ። አሁን ታርኔት ውስጥ፣ አጥሩን የሚያጥበውን ጎረቤት በመስኮት እያየሁ፣ ያ ሐሙስ ምን እንደነበር ገባኝ። ማልቀስ አማረኝ፤ ግን ሲስተር አየለች የሚያለቅስ ተማሪ እንደማይወዱ ስለማውቅ ዋጥኩት።

እሳቸው ግን ቀጠሉ፤ ሪፖርት እንደሚያቀርብ ሰው። ከእስር ሲወጡ ወደ ትምህርት ቤቱ አልተመለሱም፤ አንድ ጠረፍ ክሊኒክ ተላኩ። ዓመታት ሄዱ፣ ዘመን ተለወጠ፣ እህታቸው የማርታ እናት ስፖንሰር አድርጋ ወደዚህ አመጣቻቸው። ያኔ ሃምሳ ሰባት ዓመታቸው ነበር። ማስረጃቸው በሙሉ ከቢሯቸው ጋር ቀርቷል፤ ትምህርት ቤቱም ከሌላ ጋር ተቀላቅሎ ፋይሉ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም።

«እዚህ ነርስ የሚመዘግበው ቢሮ ፎርም ላከልኝ» አሉ። «የተማርሽበት ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ፈርሞ ያረጋግጥ ይላል። ደወልኩ። እንግሊዝኛዬ አያሳፍረኝም። 'ዳይሬክተሯ እኔ ነበርኩ' አልኳት ልጅቷን። ሳቀች፤ ክፉ ልጅ አይደለችም። 'እንግዲያው ዳይሬክተር እንደነበርሽ ዳይሬክተሩ ይጻፍልሽ' አለችኝ።»

እኔም ሳልፈልግ ሳቅሁ። ከዚያ የእኔ ማስረጃ ትዝ አለኝ። ከጎጃም እስከ ናይሮቢ፣ ከናይሮቢ እስከ ሜልበርን በላስቲክ ጠቅልዬ በጡት መያዣዬ ውስጥ ይዤው የዞርኩት ወረቀት። እዚህ ባስገባሁ በወሩ ነው «ብሪጂንግ ኮርስ፣ የማሟያ ትምህርት ውሰጂ፣ ከዚያ ትመዘገቢያለሽ» የሚል መልስ የመጣልኝ።

«የኔን ግን ተቀበሉት» አልኩ፣ ቀስ ብዬ።

«አውቃለሁ። በእኔ ፊርማ ነው የተቀበሉት።»

የእሳቸው ፊርማ እኔን ነርስ አደረገኝ፤ እሳቸውን ግን ነርስ ሊያደርጋቸው አልቻለም። ይህንን እያሰላሰልኩ ሳለ ሌላ ነገር ብልጭ አለብኝ።

«ሲስተር፣ እንደተቀበሉኝ በምን አወቁ?»

መልስ ከመስጠታቸው በፊት ስኒያቸውን አስቀመጡ።

«ስትማሪ አይሽ ነበር። ሦስተኛው ፎቅ፣ በመስኮቱ የባቡር ሐዲድ የሚታይበት ክፍል። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበር የምትቀመጪው፣ በሁለት የፊሊፒንስ ልጆች መሀል። ብርቱካን ትበዪና ልጣጩን ከጠረጴዛው ስር ትወትፊው ነበር። እኔ ነበርኩ የማነሳው።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ጆሮዬ የሰማውን አእምሮዬ አልቀበል አለ። «እርስዎ... እዚያ ያስተምሩ ነበር?» አልኩ፣ እንደ ሞኝ።

«አጸዳ ነበር፣ ዓለሚቱ። ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት እገባለሁ። ሦስተኛና አራተኛ ፎቅ የኔ ነበር። ስድስት ዓመት።»

እንዴት እንደምናገረው አላውቅም። የኢትዮጵያን ነርሶች ግማሽ ያስተማሩ ሴት፣ ነርሲንግ በሚማርበት ክፍል ውስጥ፣ የተማሪያቸውን የብርቱካን ልጣጭ ሲለቅሙ። ያንን ብርቱካን አስታወስኩት። ከአልፍሪዳ ስትሪት፣ ከቬትናሞቹ ሱቅ፣ በከረጢት የምገዛው ነው፤ ምሳ መግዛት ስለማልችል በእረፍት ሰዓት እሱን ነበር የምበላው። ቅርጫቱ በሩ ጋ ነበር። ተነሥቶ መጣል እንዴት ያቅታል? ፊቴን በሁለት እጄ ያዝኩ።

«ለምን አልጠሩኝም?»

«ምን ብዬ? መጥረጊያ ይዤ ልጥራሽ? ገና መንገድ መጀመርሽ ነበር። እኔን ብታዪ፣ ዳይሬክተሯ እዚህ ከደረሰች እኔ የት ልደርስ ነው ብለሽ ደብተርሽን አጥፈሽ ትሄጂ ነበር። ትምህርቱ አልቆ እስክትወጪ እኔ መጸዳጃ ቤቱን አጸዳለሁ፤ ስትሄጂ ክፍሉን።»

«እምልልዎታለሁ ሲስተር፣ አንድም ቀን አላየሁዎትም።»

ወደ መስኮቱ ዞረው «እሺ» አሉ ብቻ።

ያን ቀን ብዙ ነገሩኝ። ተማሪዎች የሚጥሉትን ሃንድአውት ከቅርጫት እያወጡ ቤት ወስደው ያነቡ ነበር፤ «ትምህርቱ ምን ያህል እንደሄደ ማወቅ ነበረብኝ» አሉኝ፣ አሁንም ዳይሬክተር እንደሆኑ። ከዚያ ዳንዲኖንግ ሳሎናቸው ውስጥ እሑድ እሑድ ከሰዓት የኤጅድ ኬር፣ የአረጋውያን እንክብካቤ ኮርስ የሚወስዱ የሀበሻ ሴቶችን ማስጠናት ጀመሩ፤ እንግሊዝኛው የከበዳቸውን፣ ሱዳን በረሃ ላይ ትምህርታቸው የተቋረጠባቸውን። የመለማመጃ አሻንጉሊት ስለሌላቸው ግሪካዊት ጎረቤታቸውን ሶፋ ላይ አስተኝተው ነው አልጋ ማንጠፍና ሰው ማገላበጥ ያስተማሩት። ስንቶች እንደነበሩ ጠየቅኳቸው። አልቆጠርኳቸውም አሉ። እኔ በሆስፒታሌ የዋርድ ኃላፊ ሳለሁ ለፕሌስመንት፣ ለተግባር ልምምድ ከሚመጡ የኛ ልጆች መሀል አንዳንዶቹ ታካሚውን ሳይነኩ በፊት ስሙን ሲጠይቁ አያለሁ፤ «አስተዳደጋችን ነው» እያልኩ ለፈረንጆቹ እኮራ ነበር። አንዳቸውንም ማን አስተማረሽ ብዬ አልጠየቅኩም።

ሩት መጥታ ወሰደችኝ። ላቨርተን ኖርዝ አጠገብ፣ ባሌ ተስፋዬ ፎርክሊፍት ይነዳበት የነበረውን መጋዘን ስናልፍ፣ ያኔ ነው ትዝታው የመጣብኝ።

ዝናብ ነበር። ፈተና ጨርሼ ባቡር እንዳያመልጠኝ እየሮጥኩ ስወጣ፣ የመግቢያው በር ላይ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ቢጫ ባልዲ በአንድ እጇ፣ መወልወያ በሌላው ይዛ መግባት አቅቷት ቆማለች። በሩን ከፍቼ ያዝኩላት። «ቴንክ ዩ» አለች። ቀና ብላ አየችኝ። እኔም አየኋት። ከዚያ «ኖ ዎሪስ» ብዬ ሮጥኩ። ማታ ራት ላይ ለተስፋዬ «ዛሬ ሲስተር አየለችን ቁርጥ የምትመስል ሴት መወልወያ ይዛ አየሁ» አልኩት። ተስፋዬ ሲስተር አየለችን በደንብ ያውቃቸዋል፤ ወጣት ሳለ ቤል ቦቶሙን ለብሶ የትምህርት ቤታችን አጥር ጋ ሲጠብቀኝ ስንቴ አባርረውታል። «እሳቸው ቢሆኑማ» አለ፣ «መወልወያው ራሱ ፈርቶ ይወለውል ነበር።» እንባችን እስኪፈስ ሳቅን። ከዚያ ተኛን። በማግስቱ ረሳሁት፤ ይኸው እስከዚያ ማክሰኞ ድረስ።

ተስፋዬ ጌታ ጋ ከሄደ አምስት ዓመት ሆኖታል። ይህንን ከእኔ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም፤ ዝም ብል ዝም ብሎ ይቀር ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ልናገር ወይስ ልተው ስል ከረምኩ። አንዴ ዕድሜያቸው የገፋ ነው፣ ለምን ላድክማቸው እላለሁ። መልሼ ደግሞ «አንድም ቀን አላየሁዎትም» ብዬ መማሌ ያቃጥለኛል። የማልኩት በውሸት ነው፤ እሳቸውም ያውቁታል፤ ለዚህ ነው ወደ መስኮቱ የዞሩት።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ገብቼ ሻይ እንኳ ሳላፈላ ነገርኳቸው። በሩን፣ ዝናቡን፣ ተስፋዬን፣ ቀልዱን፣ ሳቃችንን። አንድም ሳልደብቅ። ስጨርስ አንገቴን ደፍቼ ጠበቅኩ።

ሲስተር አየለች ሳቁ። እስከዚያች ቀን ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም፤ ትምህርት ቤት ሳለን ጥርሳቸውን ያየች ተማሪ የለችም። ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ፣ የተጎዳ ዳሌያቸውን በእጃቸው ደግፈው፣ «መወልወያው ራሱ ፈርቶ!» እያሉ ሳቁ። እኔም ሸክም እንደወረደለት ሰው አብሬ ሳቅሁ። ይቅር ተባልኩ ብዬ አሰብኩ።

ከዚያ ዓይናቸውን በመሐረባቸው ጠረጉ። መሐረቡን አራት ጊዜ አጥፈው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

«የዚያን ቀን ጠዋት የመጨረሻው ደብዳቤ ደርሶኝ ነበር» አሉ። «ከቢሮው። ከእንግዲህ ማመልከቻሽን አናይም የሚል። ቀኑን ሙሉ ማንንም አላናገርኩም። አንቺ ስትመጪ በመስታወቱ አየሁሽ። ዞር ማለት እችል ነበር፤ ስንት ጊዜ ዞር ብያለሁ። ማን እንደነበርኩ የሚያውቅ አንድ ሰው ፈለግኩ። ቀና ያልኩት ሆን ብዬ ነው፣ ዓለሚቱ።»

ይቅርታ ልላቸው አፌን ስከፍት እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ።

«ተይው» አሉ። «በሩን እኮ ይዘሽልኝ ነበር።»